ሰርገኛን ከካቢኔ ሥር ለማውጣት፦ የ13 ሳምንት ማስታወሻ

ቀን 1፣ ቅዳሜ ኅዳር 6

ከካውንቲው የእንስሳት ሼልተር (ባለቤት ያጡ እንስሳት ከሚጠለሉበት ቤት) ድመት አመጣን። ቤታችን ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው፤ ሁለት መኝታ ቤትና ሁለት መታጠቢያ ቤት አለው። የምንኖርበት እኔ፣ የ9 ዓመት ልጄ እና ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን የመጣችው እናቴ ነን። ድመቷ ሴት ናት፣ 3 ዓመት ገደማ፣ ክብደቷ 3.8 ኪሎ። ጥቁርና ቡናማው ስለተደበላለቀባት እናቴ ገና በካሪየሩ (በድመት መያዣ ሳጥኑ) ፍርግርግ እንዳየቻት «ይቺማ ሰርገኛ ጤፍ ናት» አለች። ስሟ በዚያው ጸደቀ። (የምጽፈው ሰዓት ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው።)

የዛሬ ወጪ፦ ለሼልተሩ 75 ዶላር (ማምከኛው፣ ክትባቱና ማይክሮቺፑ በውስጡ ነው)፣ ካሪየር 22፣ ክዳን ያለው የሊተር (ድመት የምትጸዳዳበት አሸዋ መሰል ነገር) ሳጥን 24፣ ሽታ ያለው ሊተር 13፣ ደረቅ ምግብ 15፣ ሁለት ሳህን 6። በጠቅላላ 155 ዶላር።

ስህተት የጀመረው ከበሩ ነው። ካሪየሩን ሳሎን መሀል አስቀምጬ በሩን ከፈትኩት። ልጄ በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላ በኩል፣ ጎረቤታችን ከላይ ሆነን ጎንበስ ብለን «ውሮ፣ ውሮ» እያልን ጠራናት። ወጥታ በግድግዳው ጥግ ጥግ ሮጠች፤ ወጥ ቤት ገባች፤ ከእቃ ማጠቢያው ሥር ያለውን ካቢኔ ከፍቼ ስለነበር ቧንቧው በሚያልፍበት ክፍተት ገብታ ከካቢኔዎቹ ጀርባ ጠፋች። ክፍተቱን ለካሁት፦ 12 ሳንቲሜትር። ድመት በዚያ ታልፋለች ብዬ አስቤ አላውቅም።

ከዚያ የባሰ ሠራሁ። በመጥረጊያ እንጨት ቀስ አድርጌ ገፍቼ ላወጣት ሞከርኩ። ፍፍፍ አለችብኝ፤ እጄን ሳስገባ ቧጠጠችኝ። ቁስሉን በሳሙናና በውሃ ደህና አድርጌ አጠብኩት። የሚቆጨኝ ግን ቁስሉ አይደለም። ገና ባልተዋወቅንበት ሰዓት ከእኔ ያገኘችው የመጀመሪያው ነገር እንጨት መሆኑ ነው።

የሼልተሩ ሠራተኛ አንድ ወረቀት ሰጥታኝ ነበር፤ ኪሴ ውስጥ አጥፌ ረስቼዋለሁ። ማታ ሳወጣው የመጀመሪያው መስመር «በአንዲት ትንሽ ክፍል ብቻ ጀምሩ» ይላል።

ቀን 2

የበላችው፦ 0 ግራም። ሽንትም የለም።

ወረቀቱ ላይ ሦስት ቁጥር አለ፤ ሼልተሮች የሚሉት ነው፦ 3 ቀን ለመደንገጥ፣ 3 ሳምንት የቤቱን አካሄድ ለመልመድ፣ 3 ወር ቤቴ ነው ለማለት። በግምት የሚባል እንጂ ሕግ አይደለም። እኔን ያስጨነቀኝ ግን የምግቡ ነገር ነው። ድመት እንደ ውሻ ወይም እንደ ሰው ጾሟን አትችልም፤ ከአንድ ሁለት ቀን በላይ ካልበላች የሰውነቷ ስብ ወደ ጉበቷ ይሄድና ጉበቷ ይታመማል። ስለዚህ «ሲርባት ትወጣለች» ብሎ መተው አይሆንም።

ሼልተሩ ጋ ደወልኩ። የተነገረኝ ይህ ነው፦ መብራት አጥፉ፣ ሁላችሁም ተኙ፣ ማንም አይፈልጋት፤ ምግቡን እንድትገባበት በምትፈልጉት ክፍል አድርጉና በሩን ክፍት ተዉት። የቤቱን ትንሽ መታጠቢያ ቤት መረጥኩ፤ 1.5 በ2.4 ሜትር ይሆናል። የእናቴንና የልጄን የጥርስ ብሩሽ ሳይቀር አወጣሁ። ወለሉ ላይ ሊተሩን፣ ውሃውንና በውሃው የታሸገ ቱና አስቀመጥኩ። አሮጌ ስልኬን በካሜራ አፕ ኮሪደሩ ላይ አቆምኩት።

ቀን 3

ሌሊት 9 ሰዓት ከ10 ላይ ወጣች። ቪዲዮው ላይ ሆዷ ወለሉን ሊነካ እስኪደርስ ዝቅ ብላ፣ በየሦስት እርምጃው እየቆመች ኮሪደሩን ስታልፍ ይታያል። መታጠቢያ ቤት ገባች። ስልኬ ሲጮህ ተነሥቼ በባዶ እግሬ ሄጄ በሩን ዘጋሁት። ከዚያ የቧንቧውን ክፍተት በወፍራም ካርቶንና በቴፕ ደፈንኩት። ድመቷ ቤት ከመምጣቷ በፊት መሠራት የነበረበት ሥራ ይህ ነው፦ በእጅና በጉልበት ዝቅ ብሎ ድመት ልታልፍበት የምትችል ቀዳዳ ሁሉ መፈለግ።

የበላችው፦ 12 ግራም። ትንሽ ነው፤ ግን በላች።

ቀን 4 እና 5

አዲስ ችግር። መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ መብራት ስናበራ የአየር ማውጫው ፋን አብሮ ይነሣል፤ ማብሪያው አንድ ነው። በገባን ቁጥር ከላይዋ ያጓራባታል። ከሽንት ቤቱ መቀመጫ ጀርባ ተጣብቃ ቀረች። በ6 ዶላር ሶኬት ላይ የሚሰካ ትንሽ የሌሊት መብራት ገዛሁ፤ ትልቁን ማብሪያ በቴፕ ሸፈንኩት። በዚያው ቀን ከመቀመጫው ጀርባ ወጣች። ሁለት ቀን ሙሉ እኔን ፈራች ስል የፈራችው ፋኑን ነበር።

ሳጥን ሠራሁላት። ተራ ካርቶን ነው፤ መግቢያና መውጫ ሁለት ቀዳዳ፣ እያንዳንዱ 18 ሳንቲሜትር፣ ውስጡ አሮጌ ፎጣ። በኔዘርላንድ የዩትሬክት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ሼልተር የገቡ 19 ድመቶችን አይተዋል፤ 10ሩ መደበቂያ ሳጥን ተሰጣቸው፣ 9ኙ አልተሰጣቸውም። ሳጥን ያገኙት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጭንቀታቸው ቶሎ ቀለለ። እኔ መደበቋን የማጠፋው ነገር አድርጌ ነበር የያዝኩት። ከዚህ በኋላ ዓላማዬን ቀየርኩ፦ ትደበቅ፤ ግን እኔ በሰጠኋት፣ ላያት በምችለው፣ ምግብ ላቀርብላት በምችለው ቦታ ትደበቅ።

ሊተሩ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ክዳን ያለውን ሳጥን ትታ ምንጣፉ ላይ ሸናች። እናቴ አሸተተችውና «ይሄ ሽቶ እኔንም ያፍነኛል» አለች። እውነቷን ነው፤ ለሰው አፍንጫ የተሠራ ሽታ ነው። ሽታ የሌለው፣ ሲረጥብ የሚጓጎል ደቃቅ ሊተር ገዛሁ፣ 14 ዶላር። ሳጥኑን ራሴ ሠራሁት፦ 60 ሊትር የሚይዝ የፕላስቲክ ዕቃ ማስቀመጫ (11 ዶላር)፣ ክዳኑ የለም፣ ከፊት በኩል ከወለሉ 13 ሳንቲሜትር ከፍታ ላይ በጋለ ቢላዋ ቆርጬ መግቢያ አወጣሁለት። የተቆረጠው ጠርዝ ስለት ስለነበረው በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ በቴፕ ለበጥኩት። ከምግቡ ርቆ በሌላው ጥግ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ውጭ አልሸናችም።

የበላችው፦ 35 ግራም፣ ከዚያ 61።

ቀን 7 እስከ 12

ማስነጠስ ጀመረች። ዓይኗ ያለቅሳል። ከሼልተር የሚወጡ ድመቶች ላይ የሚበዛ የጉንፋን ዓይነት ነው፤ ቫይረሱ ሰውነታቸው ውስጥ ተኝቶ ይቆይና ጭንቀት ሲመጣ ይነሣል። የሼልተሩ ክሊኒክ በስልክ የነገረኝ፦ ፈሳሹ ንጹሕ ውሃ ከሆነና ከበላች ጠብቂ፤ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ከሆነ፣ አፏን ከፍታ ከተነፈሰች ወይም አንድ ቀን ምግብ ከተወች ይዘሻት ነዪ።

አፍንጫዋ ሲታፈን ምግቡ አይሸታትም፤ ካልሸታት አትበላም። ስለዚህ ምግቡን ማይክሮዌቭ ውስጥ 10 ሰከንድ አሞቅኩት፣ በጣቴ ፈትሼ ለብ ማለቱን አየሁ። ዶሮ ቀቅዬ መረቁን ጨመርኩበት። ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ስለገባ ቤቱ በሙሉ ሽሮና ምስር እየበላ ድስት ላይ የሚንተከተከው ዶሮ የድመት ነበር። እናቴ አጠገቤ ቆማ «ጨውም የለው፣ ሽንኩርትም የለው፣ እንዴት ይጣፍጣታል?» አለችኝ። ሽንኩርትም ሆነ ነጭ ሽንኩርት ለድመት መርዝ መሆኑን ነገርኳት፤ የደም ሴሎቻቸውን ያፈርሳል፤ ተቁላልቶም ሆነ ዱቄት ሆኖ ያው ነው። እንደኛ ቀይ ሽንኩርት በኪሎ የሚቁላላበት ቤት ይህን አጥብቆ መያዝ አለበት። የወጥ ሳህን ወለል ላይ መተው ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀረ።

በቀን 12 ማስነጠሱ ቆመ። 140 ግራም በላች።

ሳምንት 2 እና 3

አሁን ሥራው ርቀት መቀነስ ነው። በቀን አራት ጊዜ፣ 15፣ 15 ደቂቃ፣ ወለሉ ላይ ተቀምጬ ጎኔን እሰጣታለሁ። ፊት ለፊት አላያትም። ዓይን ለዓይን ከተገጣጠምን ቀስ ብዬ እከድናለሁ፣ ቀስ ብዬ እከፍታለሁ። በ2020 እ.ኤ.አ. የሳሴክስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህን በሁለት ሙከራ አይተውታል፤ ሰው እንዲህ ሲያደርግ ድመቶቹ መልሰው ዓይናቸውን አጠበቡ፣ የማያውቁት ሰው እጁን ሲዘረጋላቸውም ይበልጥ ቀረቡ። ሰርገኛ የመለሰችልኝ በቀን 14 ነው። እንቅልፏ መጥቶ ይሆን ብዬ ተጠራጠርኩ፤ ስደግመው ደገመችው። መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

መሣሪያ፦ ቹሩ የሚባለው በቱቦ የሚሸጥ የሚላስ ምግብ፣ 9 ዶላር፣ እና የወጥ ማማሰያ። እጄ ቢቀርብ ስለምትሸሽ ረጅም እጀታ ያስፈልገኝ ነበር። የቤታችንን ማማሰያ ላነሣ ስል ቆም አልኩ፤ እንጨቱ የስንት ዓመት ሽንኩርትና በርበሬ ጠጥቷል። አዲስ 3 ዶላር ገዛሁ፤ 40 ሳንቲሜትር ነው። ጫፉ ላይ ትንሽ ቀብቼ ወደ ሳጥኗ አፍ አስጠጋሁ። በየሁለት ቀኑ እጀታውን ሦስት ጣት ያህል ወደ ታች ወርጄ ያዝኩት። አንድ ቀን ቸኩዬ አንድ ስንዝር ሙሉ ስወርድ ተመልሳ ገባች፤ ሦስት ቀን ከሰረን። ከዚያ በኋላ እጀታው ላይ በእስክሪብቶ ምልክት አደረግሁበትና ከምልክቱ አላልፍም።

ሼልተሩ የመከረኝን የፌሊዌይ ማሰራጫም ሰካሁ፣ 28 ዶላር፣ አንዱ ጠርሙስ ለ30 ቀን። የድመት ጉንጭ የሚተወውን ሽታ የሚመስል ነገር ይለቃል። ለውጥ አላየሁበትም። በዚያው ሳምንት ሌላም ነገር ስለቀየርኩ ፍርድ ለመስጠት አልደፍርም፤ ሁለተኛ ጠርሙስ ግን አልገዛሁም።

በቀን 16 ክፍል አሰፋን። የተመረጠው የእናቴ መኝታ ቤት ነው፤ ልጄ ቅር አላት፣ ግን የእሷ ክፍል ጓደኛም ሙዚቃም ይበዛበታል። ቀድሜ የአልጋውን ሥር በሻንጣና በካርቶን ሞላሁት። አልጋ ሥር ከገባች መሀል ላይ ተኝታ ማንም አይደርስባትም፤ በአራት ወገን እግር ስታይ ስትውል ነው የሚነጋ የሚመሸው። በምትኩ ካርቶኗን፣ ካሪየሩን (በሩ ተነቅሎ፣ ብርድ ልብስ ተነጥፎበት) እና ሊተሩን አስገባን። ካሪየሩን ከዕቃ ቤት መልሼ ማውጣቴ ኋላ ምን ያህል እንደሚረዳኝ አላወቅሁም ነበር።

እዚህ ላይ ስለ እናቴ መጻፍ አለብኝ። በእናቴ ቤት ድመት የነበረችው ለአይጥ ነው። ማንም አቅፏት አያውቅም፣ የምትተኛው ምድጃ ጥግ ነው፣ ስሟም «ድመቷ» ነበር። ስለዚህ እኔ በማማሰያና በሰዓት ስለፋ እናቴ «አንቺ ልጅ፣ ተያት እስቲ። እሷም ነፍስ ናት፣ ዓይንሽ አደከማት» ትለኝ ነበር። እሷ ሰርገኛን ምንም አትላትም። ሌሊት 10 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሥታ፣ ነጠላዋን ተከናንባ፣ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ዳዊቷን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ትደግማለች። አንድ ዓይነት ሰዓት፣ አንድ ዓይነት ወንበር፣ አንድ ዓይነት ድምፅ። ድመቷን አትጠራም፣ አታይም።

በቀን 19 እናቴ ቀሰቀሰችኝ። በሩ ጋ ቆሜ አየሁ፦ ሰርገኛ ከካርቶኑ ሙሉ በሙሉ ወጥታ፣ ከእናቴ እግር አንድ ክንድ ርቀት ላይ፣ እግሮቿን ከሥሯ አጥፋ ተቀምጣለች። እናቴ ንባቧን አላቋረጠችም። ከዚያ ቀን በኋላ የእኔን 15 ደቂቃ ለወጥኩት። መጽሐፍ ይዤ እገባለሁ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ አነባለሁ፣ በዚያው ሰዓት እወጣለሁ። ማማሰያው አልቀረም፤ ግን መጥታ ካልፈለገችው አላነሣውም።

ሳምንት 4

የመጀመሪያ ጨዋታ፣ የመጀመሪያ ድንጋጤም። እናቴ ቀን ቀን ጥጥ ትፈትላለች። እንዝርቱ ሲሽከረከር ሰርገኛ ከካርቶኗ አንገቷን አወጣች፤ በሦስተኛው ቀን ዘልላ ክሩን ያዘች። እናቴ ሳቀች፤ ልጄም በሩ ሥንጥቅ ሆና ታያለች። እኔም ደስ ብሎኝ ልቃቂቱን አልጋው ላይ ትተን ሄድን።

ስንመለስ ክሩ ተነክሷል። አንድ ስንዝር ያህል ጎድሏል። ክር ለድመት አደገኛ ነው፤ አንዱ ጫፍ ከምላስ ሥር ወይም ሆድ ውስጥ ተይዞ ሌላው ወደ አንጀት ሲወርድ አንጀቱን ሰብስቦ ሊቆርጠው ይችላል። የእንስሳት ሐኪም ጋ ወሰድኳት፣ 95 ዶላር። ካሪየሩ አልጋዋ ስለሆነ ራሷ ገብታ ተኝታ ነበር፤ በሩን መልሼ ገጠምኩና አነሣሁ፤ ትግል አልነበረም። ሐኪሟ ሆዷን ዳስሳ፣ አፏን አይታ፣ ምልክቶቹን ነገረችኝ፦ ማስመለስ፣ ምግብ መተው፣ ሰገራ መቅረት። ክር ከአፏ ወይም ከኋላዋ ብቅ ቢል በፍጹም አትሳቢው አለችኝ። በሁለተኛው ቀን ሊተሩ ውስጥ ወጣ። እናቴ ፈትሏን አሁን ክዳን ባለው ሙዳይ ነው የምታስቀምጠው። ለጨዋታ በ5 ዶላር ዘንግ ላይ የታሰረ ላባ ገዛሁ፤ ሲያልቅ ካቢኔ ውስጥ ይቆለፍበታል።

ሳምንት 5 እስከ 7

ሳሎን። ማታ ከ3 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ብቻ፣ ቲቪ ጠፍቶ። መጀመሪያ የቧንቧውን ካርቶን በጣውላ ቀየርኩት። ወለል ወለሉን ስትሄድ አየሁና ከፍ ያለ መደርደሪያ ልሠራላት ወሰንኩ፦ 30 በ60 ሳንቲሜትር ጣውላ፣ ሁለት ብረት ማቀፊያ፣ ቁርጥራጭ ምንጣፍ፤ 19 ዶላር። በመስኮቱ ከፍታ ግድግዳው ውስጥ ያለውን እንጨት ፈልጌ ቡሎን አሰርኩበት። የመጀመሪያውን ቡሎን ደረቅ ጂፕሰሙ ላይ ብቻ ስላሰርኩት በእጄ ስጫነው ተነቀለ፤ እሷ ሳትወጣበት በመሞከሬ እግዚአብሔር ይመስገን። ከጎረቤት 20 ዶላር የገዛሁትን የድመት ማማ በሆምጣጤና በውሃ ሁለት ጊዜ አጠብኩት፤ የሌላ ድመት ሽታ ነበረበት። አንድ ሳምንት ዞራ አላየችውም፣ ከዚያ መቧጠጫ አደረገችው።

መደርደሪያዋ ላይ ሆና የፓርኪንጉን ሽኮኮዎች ታያለች። ጭራዋ ቀጥ ብሎ ስትራመድ መጀመሪያ ያየሁት በቀን 41 ነው።

ሳምንት 8፣ ገና

እንግዳ 11 ሰው። ሰርገኛን ከጠዋቱ ጀምሮ እናቴ ክፍል አስገባን፤ ሊተር፣ ምግብ፣ ካርቶን፤ በሩ ሥር የተጠቀለለ ፎጣ፣ በሩ ላይ «አይከፈትም፣ ድመት አለች» የሚል ወረቀት። ቡናው ሲቆላ መስኮት ከፈትን። እጣኑን ካለፈው ጉንፋኗ ወዲህ በረንዳ ላይ ብቻ ነው የምናጨሰው፤ የድመት ሳንባ ጭስ አይወድም፣ አክስቴም ስነግራት «ይሁን ልጄ፣ በረንዳውም ይባረክ» ብላ ተቀበለችኝ።

የተሳሳትኩት አማርኛ ማንበብ ለማይችሉት ልጆች ወረቀት መለጠፌ ነው። አንዱ ልጅ በሩን ከፈተ፤ ጩኸት ሆነ፤ ሰርገኛ ቁም ሳጥን ውስጥ ከኮቶች ጀርባ ገባች። ማንም እንዲያወጣት አልፈቀድኩም። ልጁን አልተቆጣሁትም፤ በሩን መቆለፍ የኔ ሥራ ነበር። ካርቶኗን ቁም ሳጥኑ አፍ ላይ አስጠጋሁና ዘጋሁ። የዚያን ቀን 20 ግራም በላች። ማግስቱን 90። በሦስተኛው ቀን መደርደሪያዋ ላይ ነበረች። ኅዳር ላይ ቢሆን ሳምንት ይፈጅ ነበር። 2 ዶላር የማትሞላ የበር መንጠቆ ገዝቼ ከላይ በኩል አሰርኩ።

ሳምንት 9 እስከ 12

የሚጻፍ ብዙ የለም። ሰርገኛ የልጄ ጭን ላይ ወጣች፣ ወረደች። በቀን 68 ጉሮሮዋ ውስጥ ያ ርርር የሚለው ድምፅ ተሰማ፤ ልጄ ሁለት ሰዓት ያህል ሳትንቀሳቀስ ተቀምጣ እግሯ ደነዘዘ። ካርቶኑ አሁንም አለ፤ አላነሣውም። ክብደቷ 4.2 ኪሎ።

ወጪ እስካሁን (የምግብና የሊተር ምትክ ሳይጨምር)፦ 367 ዶላር። ከዚህ ውስጥ ክዳን ያለው ሳጥንና ሽታ ያለው ሊተር፣ 37 ዶላር፣ ባልገዛቸው የምላቸው ናቸው።

ሳምንት 13

እናቴ ትመለሳለች። ሻንጣዎቹ ከአልጋው ሥር ሲወጡ ሰርገኛ ሽታቸውን ተከትላ ዞረቻቸው፤ አንዱ ውስጥ ገብታ ጋቢው ላይ ተኛች። ሻንጣዎቹ ይዘውት የነበረውን የአልጋ ሥር በአዲስ ካርቶን ሞላሁት። እናቴን ያልታጠበ አንድ ነጠላዋን እንድትተውልኝ ለመንኳት። «ቆሻሻ ልብስ ትቼልሽ ልሂድ?» ብላ ነበር፤ ምክንያቱን ስነግራት ራሷ አጥፋ ወንበሯ ላይ አስቀመጠችው።

ዓርብ ማታ ዱለስ አውሮፕላን ማረፊያ አደረስናት። ሰርገኛ ማታ 38 ግራም በላች፣ ሳሎን ሁለት ጊዜ ዞራ ወደ እናቴ ክፍል ተመለሰች። ሌሊት 10 ሰዓት ተኩል ላይ የድሮው ስልክ ጮኸ። ቪዲዮው ላይ ባዶው ወንበር ፊት አንድ ክንድ ርቃ ተቀምጣለች።

ተነሣሁ። ነጠላውን ተከናንቤ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩና እናቴ ትታው የሄደችውን ሁለተኛ የዳዊት መጽሐፏን ካቆመችበት ገጽ ጀመርኩ። አልሸሸችም። ጠዋት 70 ግራም፣ ሊተር ደህና።